ጋሼ መኮንን የቀመሱት ጥይት

የባሌን ወንድም ልገድል ሞክሬ እንደነበር የሚያምኑ ሰዎች ዛሬም እዚህ ሰው አገር፣ ሜፕልዉድ ውስጥ አሉ። ገበያ አዳራሽ ውስጥ ድንገት ፊት ለፊት ከተገጣጠምን ጋሪያቸውን ወደ ሌላ መደዳ ያዞራሉ። እኔም ሰላም አልላቸውም። ይህን የምጽፈው እነሱን ለማሳመን አይደለም፤ ያመኑትን እንዳመኑ ይቀመጡ። የምጽፈው የዚያን ቅዳሜ ነገር ሁሉም በየቤቱ የራሱን እየጨመረበት ሲያወራው ዝም ማለት ስለሰለቸኝ ነው።

ጊዜው በፈረንጅ አቆጣጠር ሁለት ሺህዎቹ ሊጋመሱ ሲሉ ነው። ፍሪድሊ ውስጥ ለልብ ሕመምተኞች የሚተከል መሣሪያ የሚሠራ ፋብሪካ ተቀጥሬ፣ ቀኑን ሙሉ በማይክሮስኮፕ እያየሁ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ስበይድ እውላለሁ። ባሌ ደረጀ አውቶቡስ ይነዳል። ሮቢንስዴል ቤዝመንት ያላት ትንሽ ቤት ገዝተናል፤ ልጅ አልወለድንም። ምላሴ ስለታም እንደሆነ፣ የነካኝን ሰው ሳልመልስለት እንደማላድር የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል። ደረጀ ደግሞ ሰው እንዳይቀየመው ሲል የማያደርገው የለም። ስለዚህ እሱን ሁሉም ይወደዋል፤ እኔን የሚወደኝ እሱ ብቻ ነው ብዬ አምን ነበር።

ጠመንጃ ያስለመደችኝ አጠገቤ የምትሠራ ዳያን የምትባል ፈረንጅ ናት። አንድ ኅዳር አጋዘን አደን ይዛኝ ሄደች። ዛፍ ላይ በተሠራ መቀመጫ በብርዱ ውስጥ ጭጭ ብዬ ዋልኩ። ማንም "ምነው እስካሁን ልጅ?" ሳይለኝ፣ ማንም "ድምፅሽን ቀንሺ" ሳይለኝ የዋልኩበት ቀን ከመጣሁ ወዲህ ያ ብቻ እንደሆነ እዚያው ገባኝ። ከዚያ በኋላ አልተውኩትም። ዳያን ጥይቷን ራሷ ነበር የምታዘጋጀው፤ እኔም ከእሷ ተማርኩ።

ነገሩን ለማታውቁት ላስረዳችሁ። ጥይት ማለት የነሐስ ቀለህ ነው፤ ቂጡ ላይ እሳት የምትጭር ትንሽ ቆብ አለች፣ ሆዱ ውስጥ ባሩድ፣ አፉ ላይ አረር። የተተኮሰውን ቀለህ አጽድቶ፣ ባሩዱን በሚዛን ለክቶ እንደገና መሙላት ይቻላል። ከአንድ ፋብሪካ አብረው የወጡ ሁለት ጠመንጃዎች እንኳን ጠባያቸው ይለያያል፤ አንዱ የሚወደውን የባሩድ ልክ ሌላው አይወደውም። ስለዚህ አዲስ ጠመንጃ ሲገዛ ከአነስተኛው ልክ ጀምሮ ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ፣ ከየልኩ ሦስት ሦስት ጥይት ሠርቶ ወረቀት ላይ መተኮስ ነው። ሦስቱ ቀዳዳዎች ተጠጋግተው ካረፉ ልኩ ተገኘ ማለት ነው። ባሩድም ዓይነቱ ብዙ ነው። ለትልቅ ጠመንጃ ቀስ ብሎ የሚነድ አለ፣ ለትንሽ ጠመንጃ ቶሎ የሚነድ አለ፤ ቀስ ብሎ በሚነደው ልክ ቶሎ የሚነደውን የሞላ ሰው ጠመንጃውን ፊቱ ላይ ያፈነዳዋል። ሲታዩ ግን ብዙዎቹ አንድ ናቸው፤ ጥቁር፣ የተከረከመ የእርሳስ ልብ የሚመስሉ። የሚለያቸው ጣሳው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ነው።

አሁን ወደ ጠቡ ልግባ። ጋሼ መኮንን የደረጀ ታላቅ ወንድም፣ ለእኔ ዋርሳዬ ናቸው። አባታቸው ቀድመው ስለሞቱ ደረጀን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አገር ቤት ወታደር ነበሩ፤ እዚህ ሆቴል ይጠብቃሉ፤ ከእንግሊዝኛ ጋር እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ከሚስታቸው ከእትዬ አልማዝ ጋር ሜፕልዉድ አፓርታማ ውስጥ ይኖራሉ።

አንድ የክርስትና ግብዣ ላይ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "ደረጀ! ሚስትህ ጠመንጃ አንግታ ጫካ የምትገባ ከሆነ አንተ ምን ቀረህ? ቀሚሷን ልበስ እንጂ!" አሉ።

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ደረጀም ሳቀ። እኔ ግን ሹካዬን አስቀምጬ፣ "ጋሼ፣ እርስዎ ጠመንጃ ይዘው ስንት ዓመት ሮጡ? እኔ እኮ ቁጭ ብዬ ነው የምተኩሰው" አልኳቸው።

ለተሸነፈ ጦር ወታደር ይህ ምን ማለት እንደሆነ አውቄ ነው የተናገርኩት። ዓመት ሙሉ ተዘጋጋን። ለፋሲካ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች አስታረቁን፤ ጉልበት ሳሚ ተባልኩና ሳምኩ። እሳቸው በዚያ ዓመት እልሃቸውን ሲወጡ ከርመው ኖሮ፣ አንድ ትንሽ ጠመንጃ ለቀበሮ፣ አንድ ትልቅ ለአጋዘን ገዝተው፣ ጥይት መሙላትም ጀምረው ጠበቁኝ።

መስከረም ላይ ድንገት ቤት መጡ። ውሃ እንኳን አልጠጡም።

"ጽጌ፣ ያንቺን ዓይነት ባሩድ ሱቅ አጣሁት። ካለሽ አበድሪኝ" አሉ።

ከእኔ የሆነ ነገር ሲጠይቁ የመጀመሪያቸው ነበር። ከግማሽ በላይ የሞላውን ጣሳ እንዳለ ሰጠኋቸው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጣሳውን ይዘው መጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ስከፍተው እስከ አፉ ድረስ ሙሉ ነው። እሳቸው እንደሄዱ ደረጀ በደስታ ፊቱ በራ።

"አየሽ? ጋሼ ተለውጧል። አዲስ ገዝቶ ሞላልሽ።"

"ከየት አገኘው? ሱቅ ጠፋ ብሎ አልነበር የወሰደው?"

"ከሆነ ቦታ አግኝቶ ነዋ! ጽጌ በእግዚአብሔር፣ ደውለሽ ምናምን ብለሽ እንዳትጠይቂው። ጠረጠረችኝ ብሎ እንደገና ሊያኮርፍ ነው።"

በዚህ ሥራ ከሌላ ሰው እጅ የተመለሰ ክፍት ባሩድ አይነካም። ዳያን በመጀመሪያው ቀን የነገረችኝ ይህንኑ ነው። ዳያን ግን የታረቀ ዘመድ የመለሰላትን ዕቃ ገልብጣ ብታሸት ማንም የሚቀየማት የለም። እኔ ብጠይቅ ሽማግሌዎቹ በማግስቱ ደጄ ነበሩ። ደረጀም ዓይኖቹን እንባ እስኪሞላቸው ለመነኝ፤ ተውኩት።

ያን ሰሞን አዲስ ጠመንጃ ገዝቼ ነበር። የአደኑ ወቅት ሊከፈት ጥቂት ሳምንታት ቀርተውት አንድ ቅዳሜ ልሞክረው ተነሳሁ። ሁለት ሣጥን ጥይት ሠርቻለሁ፤ አንዱን ጣሳውን ሳላበድር፣ ሌላውን ከተመለሰ በኋላ ከዚያው ጣሳ። በሁለቱም ውስጥ ጥይቶቹን ከአነስተኛው ልክ ወደ ትልቁ በተራ ደርድሬያቸዋለሁ። መኪናው ውስጥ ገብቼ ቀበቶዬን ሳስር ደረጀ፣ "ጋሼን ፒክ አፕ እናደርጋለን፤ ጠርቼዋለሁ" አለኝ።

"ማንን አስፈቅደህ?"

"ሰላም ይውረድ ብዬ ነው እኮ! ሪላክስ አድርጊ።"

ጋሼ መኮንን ከኋላ ወንበር ሆነው እስከ ተኩስ ሜዳው ድረስ ስለ ጦር ሜዳ አወሩ። ሜዳው ከከተማው በስተሰሜን ነው፤ ጣሪያ ያለው ረጅም መደብ፣ በየቦታው የሲሚንቶ ጠረጴዛ፣ ከፊት ለፊት የአፈር ግድብ። ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ተኳሾቹን ይቆጣጠራሉ። ጆሮ መሸፈኛና የዓይን መከላከያ መነጽር ያላደረገ አይገባም፤ ጋሼ መኮንን ሁለቱንም ሲሰጧቸው እንደ ስድብ ቆጠሩት።

በመጀመሪያው ሣጥን ጀመርኩ። ጠመንጃዋን አሸዋ የሞላ ከረጢት ላይ አስተኝቼ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ቀስ ብዬ ቃታ ሳብኩ። ሦስተኛው ልክ ላይ ስደርስ ሦስቱ ቀዳዳዎች በካፖርት ቁልፍ የሚሸፈኑ ሆኑ። ደስታዬን ልደብቅ አልቻልኩም። ደረጀ አጨበጨበ። ጋሼ መኮንን ወረቀቱን በርቀት ማያ መነጽር አይተው፣ "ፋብሪካው ጎበዝ ነው" አሉ።

"እጅም ይፈልጋል ጋሼ።"

"ከረጢት ላይ አስቀምጦ መተኮስ እጅ ይባላል? ሕፃን ይተኩሰዋል።"

ደረጀ ስላየኝ ወደ ሣጥኖቼ ዞርኩ።

ሁለተኛውን ሣጥን ከፍቼ ከአነስተኛው ልክ አንድ ጥይት አጎረስኩ። ስተኩስ ትከሻዬን እንደ በቅሎ ረገጠኝ። ድምፁም ሌላ ነበር፤ ሹል ሆኖ ጆሮ መሸፈኛዬን አልፎ ገባ። ቀለሁን ላወጣ መቀርቀሪያውን ሳነሳው እንቢ አለ። በመዳፌ ደጋግሜ ስመታው ነው የተላቀቀው። ቀለሁን አንስቼ ቂጡን አየሁት። ቆቧ ተደፍጥጣ ልሙጥ ሆናለች፤ ዙሪያዋን ጥላሸት ከቧታል። ይህ አነስተኛው ልክ ነው፤ ከሣጥኑ ሁሉ ለስላሳው መሆን ነበረበት።

ጠመንጃዋን ከፍቼ አስቀመጥኩና ሽማግሌውን ጠራኋቸው። ቀለሁን ገልበጥ አድርገው አይተው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። "የቀሩትን እንዳትተኩሺ። ቤትሽ ወስደሽ ፍቺያቸው" አሉኝና ሌላ ሰው ጠርቷቸው ወደ ማዶው ጫፍ ሄዱ።

"ምን አለ ሰውዬው?" አሉ ጋሼ መኮንን።

"አቁሚ ነው ያለኝ። ጥይቱ አደገኛ ነው።"

"ትከሻሽን ስላመመሽ?" ሳቁ። "ሴት ልጅ እኮ ልክ አላት። ደረጀ፣ ሚስትህ ፈራች።"

ትዕግሥቴ እዚህ አለቀ።

"ጋሼ፣ ጣሳው ውስጥ ምን ጨመሩበት?"

"ምን እጨምራለሁ? ባሩድ ነዋ!"

"ምን ዓይነት ባሩድ?"

"ባሩድ! ጥቁር ባሩድ! ምንድን ነው እንደ መርማሪ የምትጠይቂኝ?"

ደረጀ መሃላችን ገባ። "ፕሊስ፣ ሰው እያየን ነው።"

"ይየን! ዓይኔ ሊጠፋ ነበር። ሊገድለኝ ነበር በለው!"

ጋሼ መኮንን ፊታቸው ጠቆረ። "መርዝ ሰጥተኸኛል ነው የምትለኝ? እኔን? ከታረቅሁ በኋላ?" ደረጀን እንጂ እኔን አይመለከቱም። "ጥሩ። እንግዲህ የቀዳ ሰው ቀምሶ ነው የሚሰጠው።"

ጠላ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀምሶ እንደሚያሳይ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እሳቸው ያንን ማለታቸው ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጠው ጠመንጃዬን ያዙ፤ የዓይን መከላከያውን "ይሄ ያደናብረኛል" ብለው ግንባራቸው ላይ ሰቀሉት፤ እጃቸውን ወደ ሣጥኑ ሰደዱ። ጥይቱን ያነሱት ከመጨረሻው ጫፍ ነው። ከሁሉ የበለጠ ባሩድ ከያዘው።

"ከዚያ አይደለም! ጋሼ አስቀምጡት!"

ጆሯቸውን ሸፍነዋል፤ ቢሰሙም አይሰሙኝም። አጎረሱት። ዘለልኩና ክንዳቸውን ይዤ ጎተትኩ። "አንተ ሰውዬ! ትሞታለህ! ልቀቅ!" ብዬ ጮህኩ። በሕይወቴ አንተ ብዬ የጠራኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። በክርናቸው ደረቴን ገፉኝ። ተመልሼ ስይዛቸው ከኋላዬ ወገቤን አንድ ሰው አፈፍ አደረገና ወደ ኋላ ሳበኝ። ደረጀ ነበር።

"ተይው! ታላቄን እንዴት በአደባባይ ትጎትቺዋለሽ? አዋረድሽኝ እኮ!"

"ልቀቀኝ፣ ይፈነዳል!"

አልለቀቀኝም። ሽማግሌው ከማዶ እጃቸውን እያወዛወዙ ሲሮጡ አየሁ። ከዚያ ጋሼ መኮንን ቃታውን ሳቡ።

ጠመንጃዬ ከሰደፏ ላይ ለሁለት ተሰነጠቀች። ጢሱ ወደፊት ሳይሆን ወደ ኋላ ወጣ። ጋሼ መኮንን ከወንበሩ ወደ ጎን ወደቁ፤ ቀኝ ዓይናቸው የነበረበት ቦታ ደም ብቻ ነው። ደረጀ ያኔ ለቀቀኝ፤ ለቅቆኝም ባለበት ደርቆ ቀረ። ሻርፔን አውልቄ፣ ዓይናቸውን ሳልጫን ዙሪያውን እየያዝኩ ራሳቸውን ጭኔ ላይ አኖርኩ። ሽማግሌው አምቡላንስ ጠሩ። ጋሼ መኮንን አላለቀሱም፤ እጄን ግን አጥንቴ እስኪያመኝ ጨምቀው ያዙኝ።

አምቡላንሱን በመኪና ተከትለን ወደ ሮቢንስዴል ሆስፒታል ስንሄድ ደረጀ ይነዳ ነበር። ልብሴ በደም ርሷል። ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣ "ጽጌ፣ እውነቱን ንገሪኝ። አልቆጣም" አለ።

"ምኑን?"

"ሆን ብለሽ ነው?"

አልገባኝም። የምር አልገባኝም ነበር። "ምን ሆን ብዬ?"

"ጥይቱን። ማለቴ... እንደሚቀማሽ ታውቂያለሽ፤ እልኸኛ ነው። አንቺም ተናደሽበት ነበር። እኔ ማወቅ አለብኝ፤ ለፖሊስ ምን እንደምል።"

መጀመሪያ የተኮስኩት እኔ ነኝ አላልኩትም። ስጎትታቸው የያዝከኝ አንተ ነህ አላልኩትም። እኔ፣ ለሁሉም መልስ የማላጣው፣ መስኮቱን እያየሁ ሆስፒታል ደረስን። ከቁጣ የከበደ ነገር እንዳለ ያኔ አወቅሁ።

ድንገተኛ ክፍል መጠበቂያው ውስጥ እትዬ አልማዝ፣ ደረጀ ከሜዳው ደውሎላቸው፣ ከዘመዶቻቸው ጋር ቀድመውን ደርሰዋል። ልብሴ ላይ ያለውን ደም ሲያዩ ተነስተው መጡብኝ። "በላሽው! ዓመት ሙሉ ስትዶልቺ ከርመሽ በላሽው!" አሉ። አንዲት ዘመዳቸው በእንግሊዝኛ ነርሷን፣ "ይህችን ሴት አስወጡልን፤ ልትገድለው ነው የሞከረችው" ስትል ሰማሁ። ደረጀ ከእትዬ አልማዝ ጎን ሄዶ ተቀመጠ።

የአካባቢው ካውንቲ ፖሊስ መጣ። ወጣት ነው፤ ትሕትና አለው።

"ጥይቱን የሠራው ማነው?"

"እኔ።"

"ጠመንጃው የማነው?"

"የእኔ።"

"ከተጎዳው ሰው ጋር ቅራኔ ነበራችሁ?"

"አዎ። አሁንም አለን።"

ቀና ብሎ አየኝ። ውሸት ይሻልሽ ነበር የምትሉኝ ትኖራላችሁ፤ አላውቅበትም።

ጋሼ መኮንን ከቀዶ ጥገና ወጥተው እስኪነቁ ተጠበቀ። ፖሊሱ ሊያነጋግራቸው ሲገባ ዘመድ ማስተርጎም ክልክል ነው ተባለ። በስልክ አስተርጓሚ ተደውሎ ስልኩ አልጋው አጠገብ ድምፁ ከፍ ብሎ ተቀመጠ። በሩ ክፍት ነው። እኔ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜያለሁ፤ እትዬ አልማዝና ደረጀ በሩ ሥር ናቸው። ጋሼ መኮንን አፋቸውን ሲከፍቱ ሕይወቴ በእሳቸው ምላስ ላይ እንደተንጠለጠለ አውቅ ነበር። "አዎ፣ ልትገድለኝ ነው" ቢሉ ማን ያምነኝ ነበር? ባሌ እንኳን ጠይቆኛል።

አስተርጓሚዋ የወጣት ሴት ድምፅ ነው። "ጥይቱን የሞላው ማን እንደሆነ ይጠይቃሉ።"

"ጥይቱን እሷ። ጣሳውን እኔ።"

"ጣሳ ሲሉ?"

"የባሩዱን ጣሳ ነዋ። ተበደርኩ፤ ጨረስኩት፤ ስመልስ ሞላሁት።"

ፖሊሱ በምን እንደሞሉት ጠየቀ።

"በነበረኝ። ለትንሿ ጠመንጃዬ በምጠቀምበት። የእሷ ዓይነት ከገበያ ጠፍቷል አልኩ እኮ።"

"ለምን ሌላ ዓይነት ባሩድ እንደጨመሩ ይጠይቃሉ።"

ጋሼ መኮንን ከነሕመማቸው ተቆጡ። "ባዶውን ልመልስ ነው? አንቺ ልጅ፣ ያገሬ ሰው አይደለሽም? ንገሪው እንጂ! ሰው ያበደረኝን ዕቃ ባዶውን ተሸክሜ ደጁ የምሄድ ባለጌ አይደለሁም። የነበረኝን ሞላሁላት።"

ልጅቷ ይህን በምን እንግሊዝኛ እንደምትለው ስታስብ ይሰማኛል። በመጨረሻ "ዕቃን ባዶ መመለስ ነውር ስለሆነ ሞላሁት ይላሉ" አለች። ፖሊሱ መጻፉን አቆመ። "በትሕትና ነው ያደረገው ማለት ነው?" ብሎ ደግሞ ጠየቀ። ለምን እንዳልነገሩኝም ጠየቃቸው።

"ሞላሁልሽ ብዬ ላውጅላት ነበር? እጄን ልትስመኝ?"

ያንን ሁሉ ዓመት ከዚህ ሰው አንድ መልካም ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። ያደረጉልኝ ብቸኛ ደግነት ይኸው ዓይናቸውን በላው፤ የእኔንም ሊበላው ነበር።

ፖሊሱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። አስተርጓሚዋም ዝቅ አደረገች። "ሆን ብላ ልትጎዳዎት አስባ ሊሆን ይችላል ወይ ይላሉ።"

ደረጀ ጫማውን ያያል።

"ማን? ጽጌ?" ጋሼ መኮንን ሳቅ ቢጤ ሞክረው አቃሰቱ። "እሷ እኔን መግደል ብትፈልግ የባሩድ ተንኮል ምን ያደርግላታል? ፊት ለፊቴ ቆማ ነው የምትመታኝ። ደግሞ አትስትም። ይህን ንገሪው፤ አትስትም በይው።" ትንሽ አረፉ። "አትተኩስ እያለች ክንዴን ስትገነጥለው ነበር። ከላዬ ላይ የጎተታት ወንድሜ ነው። እሱን ይጠይቀው።"

ፖሊሱ ወደ ደረጀ ዞረ። እኔ ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም፤ ወጥቼ በረዶ ቢጤ የጣለበት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ።

ክስ የሚባል ነገር አልመጣም። ጋሼ መኮንን ቀኝ ዓይናቸውን አጡ። እትዬ አልማዝ ባላቸው ያሉትን እስከ ዛሬ አይቀበሉም፤ "በመድኃኒት ደንዝዞ ነው" ይላሉ፤ የሜፕልዉዱ ወሬ ምንጩ እሳቸው ናቸው። እኔና ጋሼ መኮንንም አልተዋደድንም። ልጠይቃቸው ስሄድ፣ "ሻርፕሽ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል" ነው ያሉኝ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ጥይቱን ትታችሁ ይህን ልጠይቃችሁ። ፖሊሱ ሲጠይቀኝ አልከፋኝም፤ አያውቀኝም፣ ሥራው ነው። እትዬ አልማዝ ሲሰድቡኝም ባላቸው ውስጥ ተኝተውባቸዋል። ከሚጠላኝ ሰው ጥላቻ እንጂ ሌላ አልጠበቅሁም ነበር። አጠገቤ የሚተኛው፣ ስቆጣም ስስቅም ያየኝ፣ በተንኮል ሰው መግደል እንደማልችል ካላወቀ ምኔን ነው ያወቀው? ብዙ ሴቶች "ደንግጦ ነው፣ እለፊው" አሉኝ። እናንተም ትሉኝ ይሆናል። ሞክሬያለሁ። ወጥ ሳቀርብለት ከመጉረሱ በፊት ዓይኑን አያለሁ። ያ ጥያቄ እዚያ ይኑር አይኑር ሳላውቅ የበረዶው ክረምት ገባ። ከዚያ ዕቃዬን አውጥቼ ፍሪድሊ አንድ ክፍል ተከራየሁ።

ደረጀ ሽማግሌ ላከ። ሦስት ሆነው መጡ፤ ከመካከላቸው አንዱ፣ ጥቁር መሸፈኛ ዓይናቸው ላይ ያሰሩ፣ ጋሼ መኮንን ናቸው። በር ከፍቼ ሳያቸው ልዘጋው ነበር። ገብተው ተቀመጡ። ትልቁ ሽማግሌ ብዙ ተናገሩ፤ ደረጀ እንደከሳ፣ ትዳር እንዲህ በቀላል እንደማይፈርስ። ጋሼ መኮንን ቀድመዋቸው ወደ ነገሩ ገቡ።

"ምን አደረገሽ ነው የምትዪው? መታሽ? ሰከረ? አንድ ቃል ጠየቀሽ እንጂ ምን አደረገ?"

"ጠየቀኝ። ሌላ ምንም አላደረገም።"

"ታዲያ!"

"ጋሼ፣ ዓይንዎ የፈሰሰው የእርስዎ ነው። ጥይቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። የምንጠላላም እኔና እርስዎ ነን። ሆን ብለሽ ነው ወይ ብለው እርስዎ ለምን አልጠየቁኝም?"

"እኔ ደግሞ ምን ብዬ ነው እሱን የምጠይቅሽ? እንዳልሆነ እያወቅሁ..." ብለው ጀመሩና መሃል ላይ አቆሙ።

ጋሼ መኮንን አንድ ዓይናቸውን ምንጣፉ ላይ ተክለው ቆዩ። ከዚያ ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሱና ካፖርታቸውን ከወንበሩ አነሱ።

"ተነሱ፤ እንሂድ" አሏቸው።

"እንዴ መኮንን፣ ገና እኮ..."

"ተነሱ ብያለሁ። እዚህ ሥራ የለንም።"

በሩን ራሳቸው ከፈቱት። ደረጃው በረዶ ነበርና ሌሎቹ ክንዳቸውን ሊይዟቸው ሲሉ እንቢ አሉ፤ ብረቱን እየዳበሱ ብቻቸውን ወረዱ። እኔም እስከ መጨረሻው ደረጃ እስኪደርሱ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው።